የመገጣጠሚያ ሕመም፦ የቱ በቤት ይያዛል፣ የቱ ጤና ጣቢያ ይታያል፣ የቱ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይገባል?

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲጠነክር መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል። «የብርድ መድኃኒት አላችሁ?» አንድ አባት ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ይገባሉ። አንዲት እናት ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት የቦርሳዋን ዚፕ እንድከፍትላት ትሰጠኛለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ በአንድ እግሩ የቆዳ ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጎ እያነከሰ ይመጣል። ሦስቱም ዳይክሎፌናክ ይጠይቃሉ። ሦስቱም ብርድ እንደመታቸው ያምናሉ። የያዛቸው ሕመም ግን ለየቅል ነው። የአንዱ መፍትሔም ለሌላው አይሆንም።

ማስታገሻ ገዝቶ መሄድ ቀላል ነው። ሕመሙን ያደበዝዘዋል፤ ሰውም ዳነ ብሎ ይተወዋል። በዚህ መሀል ጊዜው ያልፋል። አንዳንዱ ሕመም በወራት ውስጥ ጣት ያጣምማል። ሌላው በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያ ያበላሻል። አንዳንዱ ደግሞ ቢቆይም የሚያስደነግጥ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየታችን በጣም ያሳስበኛል። ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ግን ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ በፊት ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ለመምረጥ ይረዳችኋል።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልበል። ብርድና እርጥበት ሲመጣ የቆየ ሕመማቸው እንደሚቀሰቀስ ብዙ ሰዎች ይናገራሉ፤ አልከራከራቸውም። ሞቅ አድርጎ መልበስና በሞቀ ውሃ መያዝም ያሳርፋል። ነገር ግን ከዚህ በታች ከማነሣቸው ሕመሞች አንዱንም ብርድ አያመጣውም። ችግሩ «በጋ ሲመጣ ይለቀኛል» ብሎ ከሰኔ እስከ መስከረም መጠበቁ ላይ ነው።

ከብርታቱ ይልቅ ሰዓቱና ቦታው

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረኝ የሕመሙን ብርታት ነው። «እንቅልፍ ነሳኝ»፣ «አጥንቴን ይቆረጥመኛል»። ብርታቱ ግን ዓይነቱን አይለይም። ስለዚህ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። እንዴት ጀመረ፤ በአንድ ሌሊት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ጠዋት ከተነሣችሁ በኋላ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል? የትኛው መገጣጠሚያ ነው፤ አንድ ነው ብዙ፣ በአንድ ጎን ነው በሁለቱም? ከመገጣጠሚያው ውጪስ ምን አለ፤ ትኩሳት፣ ክሳት፣ የዓይን መቅላት፣ የቆዳ ለውጥ?

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ የሚናገረው የጠዋቱ ነው። መገጣጠሚያው ጠዋት ደርቆ በጥቂት ደቂቃ፣ ቢበዛ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከተፍታታ አብዛኛውን ጊዜ የመበላት ሕመም ነው። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ተገትሮ ከቆየ ግን ውስጥ ብግነት፣ ማለትም የመገጣጠሚያው መቆጣት፣ ሳይኖር አይቀርም። ሰዓት የማታዩ ከሆነ በቡናው ለኩት። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ እጃችሁ ገና ስኒውን መጨበጥ ካቃተው ይህ የእርጅና ነገር አይደለም። ለሐኪም የሚነገር ምልክት ነው።

ጉልበት ሲበላ

በጣም የተለመደው ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ነው። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ካርቲሌጅ የሚባል ልስልስ ሽፋን አለ። እሱ እየሳሳ ሲሄድ አጥንቱም ቅርጹን ይቀይራል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይደክማል። ብዙውን ጊዜ ከ45 ዓመት በኋላ ይመጣል። ሴቶች ላይ ይበዛል። ክብደት፣ የድሮ ስብራት ወይም ወለምታ፣ ለብዙ ዓመት ተንበርክኮና ቁጢጥ ብሎ መሥራት ያፋጥነዋል። ጉልበትን፣ ዳሌን፣ የአውራ ጣትን ሥርና የጣቶችን የመጨረሻ መገጣጠሚያ፣ ማለትም ከጥፍሩ አጠገብ ያለውን ይመርጣል።

ጠባዩ ግልጽ ነው። ስትሠሩበት ያማል፣ ስታርፉ ይበርዳል። ከጠዋት ይልቅ ማታ ይብሳል። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ያውቀዋል፤ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱ ላይ ነው ጉልበቱ የሚጮኸው። ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣት ይከብዳል። ሱጁድ ወይም ስግደት ላይ ወርዶ መነሣት ፈተና ይሆናል። ሲታጠፍ ይንቋቋል። ሊያብጥ ይችላል፤ ግን እንደ እሳት አይግልም፣ ትኩሳትም አይኖረውም።

«የጉልበቴ ፈሳሽ አልቋል ተባልኩ» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ሰውን ያስፈራና ከመንቀሳቀስ ያግደዋል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ለዚህ ሕመም ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንዱን እግር ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ የጭኑን ጡንቻ አጥብቃችሁ ለጥቂት ሴኮንድ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ እያላችሁ ጨምሩ። ሜዳ ላይ መራመድም ጥሩ ነው። ክብደት ያለው ሰው ቢቀንስ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ከሰውነት የሚቀነስ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ ወደ 4 ኪሎ ጫና ያነሣል። ምርኩዝ የምትይዙ ደግሞ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ያዙ። ቀኝ ጉልበት ካመማችሁ ምርኩዙ በግራ እጅ ነው። አብዛኛው ሰው በተገላቢጦሽ ይይዘዋል።

ከኪኒን በፊት የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ጄል መሞከር ይሻላል፤ በተለይ ጨጓራ ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው። ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይም ነውር የለውም። ጤና ጣቢያ መታየት ያለበት ጉልበቱ ከከዳ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ወይም ከሥራ ካገደ ነው። ከራጅ ብዙ አትጠብቁ። ራጁ ላይ ክፉኛ የተበላ ጉልበት ይዞ እንደልቡ የሚሄድ አለ፤ ራጁ ደህና የሚመስል ሆኖ የሚሰቃይም አለ።

ሁለቱም እጅ አብሮ ሲያብጥ

ይህ በጣም የምሰጋለት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። ብዙ ጊዜ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ፣ ልጅ በማሳደጊያና በሥራ ዘመን ይጀምራል። ለዚህ ነው «ገና ልጅ ናት፣ ምን መገጣጠሚያ አላት» እየተባለ የሚታለፈው።

ትናንሽ መገጣጠሚያዎችን ይወዳል። የጣቶችን ሥር፣ የጣቶችን መካከለኛ አንጓ፣ የእጅ አንጓን፣ የእግር ጣቶችን ሥር። ከጥፍር አጠገብ ያለውን የመጨረሻውን አንጓ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ከመበላት ሕመም የሚለይበት አንዱ ይህ ነው። ሌላው ደግሞ በሁለቱም ወገን መሆኑ ነው፤ ቀኝ ከታመመ ግራውም ይከተላል። እብጠቱ ሲነኩት ለስለስ ያለ ነው፣ እንደ አጥንት የጠጠረ አይደለም። ድካም አለ። ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ክሳትና ደም ማነስ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ዕረፍት አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ተኝተው ሲነሡ ይብሳል።

ቦርሳዋን የሰጠችኝን እናት ስጠይቃት የነገረችኝ ይህንኑ ነበር። ጠዋት የሊጡን ዕቃ ክዳን በክርኗ ነው የምትከፍተው። ልብስ አጥባ መጭመቅ ትታለች። ጀበናውን በሁለት እጇ ታነሣለች፤ ያም ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ቀለበቷን በሳሙና አውልቃ አስቀምጣለች። ለዚህ ሁሉ የምትወስደው ማስታገሻ ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሰላም እንደሚል ሰው እጇን ያዙና የጣቶቿን ሥር በጎን በኩል በእርጋታ ጨመቅ አድርጉ። ይህ ካሳመማት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ወይም የጠዋቱ መገተር 30 ደቂቃ ካለፈ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ቀጠሮው በዚህ ሳምንት እንጂ ከቡና ለቀማ በኋላ አይሁን። ምክንያቱም መገጣጠሚያው ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀምራል። አንዴ የተጣመመ ጣት ደግሞ በኪኒን አይቃናም።

ስለ ደም ምርመራው ሁለት ነገር ልበል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ኔጌቲቭ ቢሆንም ሕመሙ ሊኖር ይችላል፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ። ፖዘቲቭ ቢሆን ደግሞ ብቻውን ሕመሙ አለ ማለት አይደለም፤ ጤነኛ አረጋውያን ላይና አንዳንድ የቆዩ ኢንፌክሽኖች ላይም ይታያል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት መምጣት አይበቃም። ወረቀቱን ከእጁ ጋር አስተያይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሕክምናው ዛሬ ጥሩ ነው። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፦ ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ የደም ሕዋሳትን ያወርዳል፣ ሰው ይገድላል። ቀኑን ምረጡ፣ ሰኞ ከሆነ ሰኞ፣ ካርዱ ላይ ጻፉት፣ ለቤተሰብም ንገሩ። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። መጠጥ ይቀራል። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሆንም፤ ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ የሚተወው ይህን ስለማይነግሩት ነው። ጠበልም ዱዓም ከመድኃኒቱ ጋር መሄድ ይችላል። መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አያስፈልግም።

ሌሊት በአውራ ጣት የሚመጣው

ነጠላ ጫማ ያደረገው ጎልማሳ ታሪክ ሌላ ነው። ማታ ደህና ተኝቶ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእግሩ አውራ ጣት ሥር እንደ ፍም እየነደደ ቀሰቀሰው። ቀልቷል፣ አብጧል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኸዋል። ይህ ጎውት ነው፤ ብዙ ሰው ሪህ የሚለው። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሲሠራ የሚመጣ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ ባይታከምም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል፤ እስከሚቀጥለው ድረስ። ከአውራ ጣት ሌላ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ላይም ይመጣል።

ወንዶች ላይ ይበዛል። ሴቶችን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ የ30 ዓመት ሴት ሁለቱም እጇ አብጦ «ዩሪክ አሲድ ነው፣ ሥጋ ተዪ» ከተባለች ያ ምርመራ እንደገና ይታይ እላለሁ። የኩላሊት ድካም፣ የደም ግፊት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የግፊት ኪኒን ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ኪኒኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ለሐኪሙ ንገሩና እሱ ይቀይረው።

ከዚህ ሕመም ጋር ሰው የሚያደናግረው የምግቡ ነገር ነው። ቀይ ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት ያባብሳል። ቢራ ያባብሳል። ለስላሳ መጠጥም፣ ስኳሩ ምክንያት ሆኖ፣ ያባብሳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሽሮና ምስር ግን በከንቱ ነው የሚከለከሉት። በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ፒዩሪን፣ ማለትም ሰውነት ወደ ዩሪክ አሲድ የሚቀይረው ንጥረ ነገር፣ ጎውት ሲያስነሣ አልታየም። ጾም ላይ ያለ ሰው ሽሮውን ይብላ። ቡናም አይከለከልም። ብዙ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ቡና አዘውታሪዎች ላይ ጎውት አነስ ብሎ አግኝተውታል። ቡና መድኃኒት ነው አላልኩም። ግን የጅማን ሰው ቡና ተው ለማለት ምንም ምክንያት የለም።

ምርመራው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ዩሪክ አሲድ ሲለካ ልክ ሊሆን ይችላል። ኖርማል ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ከለቀቀ ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገም። በተቃራኒው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምንም የማያመው ሰው ጎውት አለበት አይባልም፤ አብዛኛውን ጊዜም ኪኒን አያስፈልገውም። በድንገት ሲነሣ የሚያበርደውና ዳግም እንዳይመጣ የሚያደርገው መድኃኒት የተለያዩ ናቸው። አሎፑሪኖል ሁለተኛው ነው። በትንሽ መጠን ተጀምሮ የዩሪክ አሲዱ ቁጥር ከ6 mg/dL በታች እስኪወርድ ይጨመራል። መጀመሪያ ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ይህ ሲሆን የጀመራችሁትን አታቋርጡ። ሽፍታ ካወጣችሁ ግን ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቀጠሮ የማይሰጠው

አንድ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ አብጦ፣ ግሎ፣ ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ከዚያ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ዛሬ ሆስፒታል ነው። ነገ አይደለም። ባክቴሪያ ገብቶ መግል ሊሆን ይችላል። መግል ካርቲሌጁን በቀናት ውስጥ ይበላዋል፤ ወደ ደም ከተሰራጨም ሕይወት ያሳጣል። ስኳር ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ ሩማቶይድ ያለበት፣ በቅርቡ መገጣጠሚያው ላይ መርፌ የተወጋ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ ትኩሳቱ ላይኖርም ይችላል፤ ስለዚህ ትኩሳት የለውም ብላችሁ አትዘናጉ።

ጎውትም እንዲህ ሊግል ይችላል። ቤት ሆኖ መለየት አይቻልም፣ እኔም ከባንኮኒ ጀርባ ሆኜ አልለየውም። የሚለየው ሐኪሙ በመርፌ ፈሳሹን ቀድቶ ሲያስመረምር ነው። እስከዚያ ድረስ አይታሽ፣ አይጎተት፣ በጋለ ነገር አይተኮስ። አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ጀርሙን ሳይገድል ምርመራውን ያበላሻል።

ልጅ ሲሆን

ትንሽ ልጅ ድንገት አልራመድም ካለ፣ ዳሌውን ሲነኩት ከጮኸ፣ ትኩሳት ካለው ከላይ ያልኩት ይሠራል፤ ዛሬውኑ።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ የማይታለፍ ነገር አለ። የጉሮሮ ሕመም ከያዘው ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ዛሬ ጉልበቱ፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ እየተዘዋወረ ካበጠ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው ምንም ሳይጎዳ ይለቀዋል። ወላጅም ደስ ይለዋል። የልብ በሮች ላይ ግን ጠባሳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ትንፋሽ እያጠረው፣ እግሩ እያበጠ የሚመጣው ያው ልጅ ነው። በጊዜ ከታወቀ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ዳግም እንዳይነሣ ይጠብቀዋል። መርፌው ለዓመታት ይቀጥላል፤ ልጁ ደህና ነው ተብሎ አይቋረጥም። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያስገባል። የሚከላከለው የጉሮሮ ሕመሙን በጊዜ አሳክሞ የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስ ነው።

ልጅ ሌሊት አጥንቱን እያመመው፣ እየከሳና እየገረጣ ከሄደም አትጠብቁ።

ሌሎችም አሉ

ወገብ ሁሉ የሥራ ድካም አይደለም። ከ45 ዓመት በታች የሆነ ሰው ከ3 ወር በላይ ወገቡን ካመመው፣ ሕመሙ ከንጋት በፊት ከቀሰቀሰው፣ ተኝቶ ብሶበት ሲንቀሳቀስ ከተሻለው የአከርካሪ ብግነት ሊሆን ይችላል። ዓይን ቀልቶ ብርሃን ከጠላ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የሌሊት ላብ፣ ክሳትና ቀስ በቀስ የሚብስ የወገብ ሕመም ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ሳል ባይኖርም። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ ሰው የሚመላለስ ትኩሳት ከወገብና ከዳሌ ሕመም ጋር ከያዘው ብሩሴሎሲስ እንዲመረመር ይጠይቅ። ወጣት ሴት ፊቷ ላይ ሽፍታ፣ የፀጉር መነቃቀልና የአፍ ቁስል ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ካየች ሉፐስ ይታሰባል። የሚላላጥ የቆዳ ቁስልና የተቦረቦረ ጥፍር ካለ ሶሪያሲስ።

ከማስታገሻዎቹ የቱ?

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ኢናላፕሪልና ውሃ የሚያሸና የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ይበልጥ ይጎዳል። «መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ጉዳቱ በደም በኩልም ይመጣል። ከምግብ ጋር፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ይሁን። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አቁሞ ሆስፒታል። ፓራሲታሞል ለጨጓራና ለኩላሊት ይሻላል፤ ብግነትን ግን አያጠፋም።

በጣም የምፈራው ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉት ኃይለኛ የብግነት ማብረጃዎች ያለ ትእዛዝ መወሰዳቸውን ነው። እውነት ነው፣ ተአምር ይመስላሉ። ሰው ሲያነክስ መጥቶ በማግስቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ግን ስኳር ያወጣሉ፣ ፊት ያሳብጣሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ቲቢን ይቀሰቅሳሉ፣ መግሉንም ይሸፍኑታል። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ደግሞ በድንገት ማቆም የለበትም፤ ሰውነት ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም ሲያዛቸው በልክና በቀን ተወስነው ነው። «ያቺ ትንሿ ኪኒን» እያሉ በቃል የሚጠይቁኝን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ የምልካቸው ለዚህ ነው። ይቆጡኛል፤ እኔ ግን አልሸጥላቸውም።

ወጌሻ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል?

ወጌሻን አልንቅም። በአካባቢው የሚታመኑ፣ እጃቸው የለመደ ሰዎች አሉ። ግን የጋለ፣ የቀላ፣ ትኩሳት ያለው መገጣጠሚያ አይታሽም። ያለ ምንም ውድቀት ያበጠ መገጣጠሚያም እንዲሁ። የልጅ እብጠትማ ፈጽሞ።

ለቆየ የጉልበት ሕመም፣ ለእጅ እብጠት፣ ለጎውት ጤና ጣቢያ ትክክለኛው መነሻ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ በጤና ጣቢያው በኩል ሪፈር ማጻፋችሁ ወጪውን ይቀንስላችኋል። ሁለቱ እጅ ያበጠበት ሰው «የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዲያየኝ ሪፈር ይጻፍልኝ» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ። ከተማው ውስጥ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፤ ስፔሻሊስት ለሚፈልገው ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ደቡብ ምዕራቡ ሁሉ የሚላክበት ነው። ድንገተኛው ግን ሪፈር አይጠብቅም። ባጃጅ ጠርታችሁ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ስትሄዱ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የዛፍ ቅጠልም ቢሆን ንገሩ። ካርድ ወጥቶ ተራ እስኪደርስ እኩለ ቀን ይሆናል፤ በዚያን ሰዓት የጠዋቱ እብጠት ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ጠዋት እንደተነሣችሁ ሁለቱንም እጃችሁን ብርሃን ባለበት ቦታ በስልክ ፎቶ አንሡ። ጣቶቹን ለመጨበጥ ስትሞክሩም አንድ ፎቶ ጨምሩ። ለሐኪሙ አሳዩት።